ሰሙን የሚያበጅ እጅ

«ሰምና ወርቅ» ሲባል የብዙዎች ሐሳብ ወደ ቅኔ ይሮጣል። የቃሉ መነሻ ግን የአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው ሊያወጣው ያሰበውን መስቀል መጀመሪያ በሰም ያበጃል። ሰሙን በጭቃ ይመርገዋል። ጭቃው ሲደርቅ እሳት ላይ ያደርገዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶ በቀረው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ወይም ነሐስ ይገባበታል። ጭቃው ሲሰበር ወርቁ ብቅ ይላል። ሰሙ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ የለም።

የወርቁ መልክ ግን ሙሉ በሙሉ የሰሙ መልክ ነበር። ሰሙ ላይ የጎበጠ ወርቁም ላይ ይጎብጣል። ወርቅ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል፤ ሰሙን ማበጀት ግን ዕውቀት ነው።

ኢትዮጵያ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ወርቁን አጥብቃ ስትፈልግ ኖራለች። መድፍ ፈለገች፣ ገንዘብ ፈለገች፣ ሐውልት ፈለገች፣ ማሽን ፈለገች። ሰሙን የሚያበጀው እጅ ግን አንዴ ሲሰደብ፣ አንዴ ሲረሳ፣ አንዴ ከውጭ በኪራይ ሲመጣ ቆይቷል። ይህን ታሪክ ከልደታ ሆኖ መከተል ይቻላል።

ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ልደታ የሚሄደው ቀላል ባቡር በመካከል «ተግባረ እድ» የሚባል ፌርማታ አለው። ስሙ የግእዝ ነው፤ የእጅ ሥራ ማለት ነው። ከዚያ እስከ ልደታ ፍርድ ቤት ድረስ ግራና ቀኙ ታፔላ ነው። የጠበቃ ቢሮ፣ ፋርማሲ፣ ባንክ፣ ካፌ። ድሮ በቀለም ይጻፍ የነበረው ታፔላ ዛሬ ፊደሉ ከግድግዳው ወጥቶ፣ ጥላ ጥሎ፣ ማታ መብራት ለብሶ ይታያል። ያ ፊደል ከአንድ ነገር ተቆርጧል። ከምን? በማን እጅ?

▪️ የዘመኑ ሰም

በሌላው ዓለም ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ከሚመረጡት ቁሶች አንዱ ሐይ ደንሲቲ ዩሬቴን ይባላል። ጠንካራና ቀላል ሰሌዳ ነው። ስሙ እንግዳ ቢመስልም ዘመዱን ሁሉም ያውቀዋል። የስፖንጅ ፍራሽ የሚሠራው ከፖሊዩሬቴን ነው። በፍሪጅ ግድግዳ ውስጥ ቅዝቃዜ የሚይዘው ቢጫ አረፋም ፖሊዩሬቴን ነው። ኬሚስትሪውን ኦቶ ባየር የተባለ ጀርመናዊና ባልደረቦቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1937 ሌቨርኩዘን በተባለች ከተማ አገኙት። ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ አረፋ ይሆናሉ፤ አረፋው ይደርቃል። አረፋው ብዙ አየር ከያዘ ፍራሽ፣ ጥቂት ከያዘ ሰሌዳ ይወጣዋል።

ለታፔላ የሚሆነው ሰሌዳ በአንድ ሜትር ኩብ ወደ 240 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ሰሌዳ 36 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሁለት ሰው ያለ ችግር ያነሣዋል። ለሞልድና ለማሽን ሞዴል የሚሆነው ግን 600፣ 700፣ አንዳንዱም ከ1000 ኪሎ በላይ ይደርሳል፤ የመጨረሻው ውሃ ውስጥ ቢጣል ይሰምጣል።

እንጨት የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። ዋንዛም ሆነ ዝግባ ክር አለው። ከክሩ ጋር ሲቆረጥ ይታዘዛል፣ በተቃራኒው ሲቆረጥ ይፈነጠራል። ክረምት ውሃ ይጠጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ምስጥ ይበላዋል። ዩሬቴን ሰሌዳ ክር የለውም፤ በየትኛውም አቅጣጫ እኩል ይቆረጣል። የአረፋው ክፍሎች የተዘጉ ስለሆኑ ውሃ አይጠጣም፤ አይበሰብስም። ድክመትም አለው። ምስማርና ብሎን አጥብቆ አይዝም፣ ሲወድቅ ጠርዙ ይሸረፋል፣ ቀለም ካልተቀባ ፀሐይ ያደክመዋል።

ሦስት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ራሱ ተቀርጾ፣ ተቀብቶ ታፔላ ወይም ጌጥ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የፋይበር ግላስ ሞልድ ይወጣበታል። ሦስተኛ፣ በብረት ማቅለጫ ውስጥ አሸዋ ላይ ቅርጹን የሚያትም ሞዴል ይሆናል። በመጀመሪያው ሥራ ሰሌዳው ራሱ ይታያል። በሁለቱ ግን እንደ አንጥረኛው ሰም ከሥራው በኋላ ይጠፋል። ሰሌዳው አዲስ ነው፤ ሥራው ግን አሮጌ ነው፤ ኢትዮጵያም ከጥንት ታውቀዋለች።

▪️ ሰሙ የአገር በነበረበት ጊዜ

የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘብ አትመዋል። ሳንቲም ለማተም ጠንካራ ብረት ላይ ምስሉን በግልባጭ የሚቀርጽ ሰው ያስፈልጋል። የንጉሡ ራስ፣ የስንዴው ዘለላ፣ በኋላም መስቀሉ፣ ሁሉም ወደ ውስጥና በተቃራኒ ተቀርጾ ነው በሳንቲሙ ላይ ቀንቶ የሚወጣው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ያለው አገር ቅርጽን ከማንም አይለምንም። ከዚያ በኋላም በየገዳሙና በየደብሩ የሚታየው የነሐስ መስቀል በሰም እየተበጀ ሲፈስስ ኖረ። ሰሙ ከቀፎ ነበር፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ዛሬም በሰም ምርት ከዓለም የታወቁ አገሮች አንዷ ናት።

ይሁንና ሥራው ሲወደድ ሠሪው ይጠላ ነበር። መስቀሉን ተሳልሞ፣ ማረሻውን ይዞ የሚሄደው ሰው መልሶ ባለሙያውን «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» ይለዋል። ሸማኔውም፣ ፋቂውም፣ ሸክላ ሠሪዋም ከዚህ አላመለጡም። ልጅ የአባቱን ሙያ የሚወርሰው ከውርደቱ ጋር ከሆነ፣ ከወረሰው ይልቅ የሸሸው ይበዛል። ዕውቀት እንዲህ አድርጎ ነው የሚደርቀው።

▪️ ጋፋት

ይህን ድርቀት ከነገሥታት ሁሉ ቀድመው በቁጭት የተረዱት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መድፍ መግዛት ብቻ አላረካቸውም፤ በአገር እንዲሠራ ፈለጉ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ከባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡ ሚሲዮናውያንን ከሌሎች አውሮፓውያን ባለሙያዎች ጋር ሰበሰቡ። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ይዘው ነበር፤ ንጉሡ ግን እቶን ሰጧቸው። የአገሬው ወጣቶችም ከነሱ ጋር እየዋሉ ሙያ ይማሩ ነበር።

መድፍ ማፍሰስ መስቀል እንደማፍሰስ አይደለም። የውጩም የውስጡም ቅርጽ ለየብቻ መበጀት አለበት። ጭቃው ጥቂት እርጥበት ከቀረበት የቀለጠው ብረት ሲነካው እንፋሎቱ ይፈነዳል። ሙከራው በአንድ ጊዜ አልሰመረም። በመጨረሻ በ1850ዎቹ መገባደጃ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። ንጉሡ ሠራዊታቸውን አሰልፈው፣ ተራራ እያስቆረሱ፣ መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ አስጎተቱት።

የታሪክ ተራኪዎች እዚህ ላይ ስለ ጉተታው፣ ስለ እንግሊዝ ጦር፣ ስለ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጥ ይነግራሉ። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነገር ግን ብዙ አይነገርም። የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ አብዛኞቹ የጋፋት ባለሙያዎች አብረው ወጡ። መድፉ መቅደላ ላይ ቀረ፤ ጋፋት ግን ጠፋ። ወርቁ በአገር ቀረ፣ ሰሙን የሚያበጀው እጅ ሄደ። ዛሬ የሴባስቶፖል አምሳያ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ መድፉን ያያል፤ ቅርጹን ያበጀው ማን እንደነበረ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም።

▪️ ከፓሪስ እስከ ፒያሳ

ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ ዐፄ ምኒልክ የራሳቸውን ብር አሳተሙ። 1887 የሚል ዓመት የተጻፈበት፣ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ በአንድ በኩል፣ አንበሳው በሌላ በኩል ያለበት ገንዘብ ነው። ከማሪያ ቴሬዛ ብር ጥገኝነት ለመላቀቅ ትልቅ እርምጃ ነበር። ቅርጹ ግን ፓሪስ ነው የተቀረጸው፣ ገንዘቡም እዚያው ነው የተመታው። አክሱም በገዛ እጁ ይቀርጸው የነበረውን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ የፈረንሳይ ቀራጭ ሠራው።

ምኒልክ ግን ጉድለቱ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቁ አልቀሩም። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ እንደ ንጉሡ ተሳዳቢ እንደሚቆጠር አስታወቁ። ከሁሉም የአገሪቱ የኢንዱስትሪ ፖሊሲዎች የመጀመሪያው ይህ ነው ማለት ይቻላል፤ ፋብሪካ ከመትከሉ በፊት የሠሪውን ክብር ይተክላልና። አዋጅ አንደበትን ሊከለክል ይችላል፤ ልብን ለመለወጥ ግን ትምህርት ቤት ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱ እስኪመጣ ሠላሳ አራት ዓመት ፈጀ።

በመካከሉ በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ዋዜማ የምኒልክ ፈረሰኛ ሐውልት ፒያሳ ላይ ተመረቀ። ንድፉ የጀርመናዊው የኸርትል ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን አንሥቶ ቀበረው፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ሐውልቱ የአገር ክብር መሆኑን የሚጠራጠር የለም። የአድዋን ድል ያደረገው ሕዝብ የድሉን መሪ ሐውልት ራሱ ማበጀት አለመቻሉ ግን ከክብሩ ሥር ተሰውሮ የቆየ ጥያቄ ነው።

▪️ ተግባረ እድ

ጥያቄው መልስ ማግኘት የጀመረው ልደታ ውስጥ ነው። ጣሊያን በወጣ በዓመቱ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አገሪቱ ገና ከጦርነት መውጣቷ ነው፤ ያም ሆኖ እንጨትና ብረት የሚያስተምር ቤት ቅድሚያ አገኘ። ልጅ «ቀጥቃጭ» ተብሎ ሳይሸማቀቅ፣ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ደብተር ይዞ፣ ቶርኖ ላይ የሚቆምበት ቤት ሆነ። በየጋራዡ፣ በየእንጨት ሥራ ቤቱ፣ በየፋብሪካው ተግባረ እድ የተማረ ማግኘት ብርቅ አልነበረም።

ከእንጨት ሥራ ሁሉ ረቂቁ ለብረት ማቅለጫ ሞዴል ማውጣት ነው። ነገሩ ከውጭ ሲታይ የአናጢ ሥራ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሒሳብ ነው። የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ይሸማቀቃል፤ ስለዚህ ሞዴሉ ከሚፈለገው ዕቃ ተለቅ ማለት አለበት። ለካስት አይረን አንድ በመቶ ገደማ፣ ለአልሙኒየም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ለስቲል ሁለት በመቶ ያህል ይጨመራል። አንድ ሜትር የካስት አይረን ዕቃ የፈለገ ሰው ሞዴሉን 1.01 ሜትር አድርጎ ይሠራል። ሞዴሉ ከአሸዋው ሲወጣ እንዳያፈርሰው ጎኖቹ ጥቂት ዘንበል ይላሉ። ማሽን የሚያጸዳው ገጽ ካለ ሌላ ሚሊ ሜትሮች ይጨመሩለታል። ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞ ዋንዛ የሚጠርብ ሰው መሐንዲስም አናጢም ነው።

በደርግ ዘመን መገባደጃ አቃቂ ላይ ትልቅ የመለዋወጫ ዕቃዎች ፋብሪካ ከነማቅለጫው ሲቆም ዓላማው ይኸው ነበር፤ የስኳርና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የተሰበረ ጥርስ ለማስመጣት ወራት እንዳይጠብቁ። ማቅለጫ ግን ሞዴል አውጪ ከሌለው ባዶ ምድጃ ነው።

በዚያው ዘመን፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ አብዮቱ አሥር ዓመት ሲሞላው፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ትግላችን ሐውልት ተመረቀ። በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ የተሠራ ነው። ልብ ይሏል፤ ተግባረ እድ አርባ ሁለት ዓመቱ ነበር። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱም አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ካቋቋሙት ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ሁለቱም ሐውልቱ ከቆመበት ብዙ አይርቁም። መንግሥት ግን ቅርጹን ከፒዮንግያንግ አመጣ። ምክንያቱ ችሎታ ማጣት ነው ቢባል ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ ባለሥልጣን ለምረቃ ቀን ሲቸኩል በአገሩ እጅ ላይ ያለው ትዕግሥት ማለቁ ነው።

▪️ ታፔላውና ፊደሉ

አሁን ወደ ባቡሩ መስመር እንመለስ። የአዲስ አበባ ታፔላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የብሩሽ ሥራ ነበር። ቆርቆሮ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ በእጅ የሚጽፉ ሰዎች ፊደልን በዓይን ይለኩ ነበር። ዲጂታል ባነር ሲመጣ ብሩሹ ተሸነፈ። ባነሩ ርካሽና ፈጣን ነው፤ በሁለት ክረምት ግን ይደበዝዛል፣ ይቀደዳል። ከተማው አሁን ሌላ ነገር እየጠየቀ ነው። የኮሪደር ልማቱ ከሜክሲኮ በሳር ቤት በኩል ሲያልፍ የሕንጻ ገጽ፣ መብራትና ታፔላ እንደ ከተማ ገጽታ መታየት ጀመረ። የወጣ፣ የተቀረጸ፣ የሚቆይ ፊደል ተፈላጊ ሆነ።

እዚህ ላይ ሲ ኤን ሲ ማሽን ገባ። ፎሬክስ፣ አክሪሊክ፣ ኤም ዲ ኤፍ ይቆርጣል። ለትልልቅ ቅርጾች ደግሞ ስታይሮፎም በጋለ ሽቦ ይቆረጥና ፋይበር ግላስ ይለበጥበታል። ግን የፋይበር ግላስ ፖሊስተር ሬዚን ስታይሮፎምን ይበላዋል፤ ካልተሸፈነ ሠሪው ዓይኑ እያየ ሥራው ይቀልጣል። ዩሬቴን ሰሌዳ ሬዚኑን ይችላል። በሌላ በኩል በጋለ ሽቦ አይቆረጥም፤ አይቀልጥምና፤ ቢቃጠልም የሚያወጣው ጭስ መርዛም ነው፣ ሳያናይድ ጭምር አለበት። ትርፍራፊውን ግቢ ውስጥ ማቃጠል ጎረቤትን መመረዝ ነው። ሲቆረጥ የሚወጣው ዱቄትም ሳንባ ውስጥ ይገባልና ማስክና የአቧራ መሳቢያ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን ፊደሉ ነው። የማሽኑ ቢት ክብ ነው፤ ከዲያሜትሩ የጠበበ ቦታ አይገባም። የላቲን «ኤል» ለ6 ሚሊ ሜትር ቢት ቀላል ነው። በአነስተኛ ታፔላ ላይ የ«ሄ» ወይም የ«ቄ» ቀለበት ግን ይደፈንበታል። የ«ጨ» ቀጫጭን እግሮች ቀላል ሰሌዳ ላይ ከተቆረጡ በመጀመሪያው ነፋስ ይሸረፋሉ። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ የፊደል ቅርጾች ለወረቀትና ለስክሪን የታሰቡ ናቸው። ለመቀረጽ የሚሆን ፊደል፣ ወፍራሙና ቀጭኑ ከቢቱ ጋር የተስማማ፣ የቀለበቱ ስፋት የታሰበበት፣ ማንም ከውጭ አይልክም። ይህን ሰም ማበጀት የሚችለው ፊደሉን የሚያነብ ሰው ብቻ ነው።

▪️ ምን ይደረግ?

«ሰሌዳው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ዶላር የት አለ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከጅቡቲ የሚገባ ነገር ሁሉ አብሮ ወጣ። አንጥረኛው ሰሙን ከቀፎ ያገኝ ነበር፤ የዘመኑ ሰም ግን በኮንቴይነር ነው የሚመጣው።

ሆኖም ሒሳቡ በሁለት በኩል ይታይ። ሰሌዳ ማስገባትና የተጠናቀቀ ሐውልት፣ የተጠናቀቀ ሞልድ፣ የተጠናቀቀ መለዋወጫ ማስገባት አንድ አይደሉም። በሰሌዳው የሚከፈለው ለቁስ ነው፤ በሌላው የሚከፈለው ለሌላ አገር ሰው ዕውቀት ነው። ደግሞም ሞዴል ማውጣት የሚያውቅ ሰው የሰሌዳ ባሪያ አይሆንም። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚፈስስ ዕቃ ዋንዛ ይበቃዋል። ለውስጥ ጌጥ ጄሶ ይበቃዋል። ለጥቃቅን ነሐስ ዛሬም ሰም አለ። መቶ ጊዜ ለሚደጋገም፣ ልኩ እንዳይዛባ ለሚፈለግ ሥራ ግን ዩሬቴኑን ይመርጣል። የሚመርጠው ስለሚያውቅ ነው። የማያውቅ ግን ካታሎግ ላይ ያየውን ይገዛል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሰሌዳው አይደለም። የመንግሥትም ሆነ የባንክ ወይም የከተማ ሥራ ሲታዘዝ ውሉ ቅርጹ የት እንደሚበጅ መጠየቅ አለበት። የሐውልቱ፣ የፏፏቴው፣ የአጥሩ ጌጥ ሞልድና ንድፍ በሥራው ማለቂያ ለአሠሪው ተረክቦ እንደ ተግባረ እድ ባለ ቤት ይቀመጥ። አንድ ጥርስ ቢሰበር፣ አንድ ፊደል ቢወድቅ እንደገና ወደ ውጭ መጻፍ አያስፈልግም፤ ተማሪውም አሮጌ ሞዴል በእጁ እየዳሰሰ ይማራል። ምረቃ ላይ ሪባን የሚቆርጠው ስም ሲጠራ ሞዴሉን ያወጣው ስምም ይጠራ።

የሚቻል መሆኑ ታይቷል። የካቲት 3 ቀን 2011 ዓ.ም. በአፍሪካ ኅብረት ግቢ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት ሲገለጥ ቀራጺው በቀለ መኮንን ነበር። መሪዎቹ ሁሉ የቆሙት በኢትዮጵያዊ እጅ ከተበጀ መልክ ፊት ነው። በ1923 ፒያሳ ላይ ያልተቻለው ከሰማንያ ስምንት ዓመት በኋላ ተቻለ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ያጡት ብረት አልነበረም። ብረቱን ከየቦታው ሰብስበዋል፣ እቶኑንም ሠርተዋል። ያጡት፣ እንግዶቹ ሲሄዱ ጋፋት ላይ ቀርቶ ሥራውን የሚቀጥል የአገር እጅ ነው። ሰባ አራት ዓመት ቆይቶ ልደታ ላይ አንድ ቤት የዚያን እጅ ስም ይዞ ተከፈተ። ባቡሩ ዛሬም በየቀኑ እዚያ ይቆማል፤ ስሙም ይጠራል፤ ተግባረ እድ። የእጅ ሥራ።